የወረታው የፊልም ሙግት

ለመሆኑ ከወዳጅዎ ጋር በፊልም ምክንያት ተኳርፈው ያውቃሉ? «በፊልም?» ብለው ይስቁ ይሆናል። እኔም በ2010 ዓ.ም. ክረምት ወረታ ላይ የገጠመኝ ባይገጥመኝ ኖሮ እስቅ ነበር። በመሬት ድንበር፣ በእድር ገንዘብ፣ በልጆች ጠብ የተኳረፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሽማግሌ ሆኜም ተቀምጫለሁ። አንድ የሩዝ ወፍጮ ባለቤትና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሕንድ ፊልም ተኳርፈው ሁለት ቅዳሜ አብረው ቡና ሳይጠጡ ሲቀሩ ግን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወረታን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነው። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ከደጋው አፈር ተሸክመው ወደ ጣና የሚወርዱበት፣ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት፣ ድሮ በላሞቹ ኋላ ደግሞ በሩዙ ስሙ የተነሣ ሜዳ። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው ወረታ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ሰውን ከቤት አያስወጣም፤ መብራቱም ደጋግሞ ይጠፋል። እኔ በዚያ ክረምት ለቤተሰብ ጉዳይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕር ዳር እመላለስ ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ የማሳልፈው ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር ሲስተር ቤት ነበር።

ስማቸውን አልጽፍም፤ ከተማው የሚጠራቸው ስም ይበቃል። «ሲስተር» በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ታናሽ ወንድሟ በዚያን ጊዜ የምህንድስና ተማሪ ነበር፤ ገና ሳይመረቅ «ኢንጂነር» እንለው ነበር፣ እርሱም ስሙን ወዶታል። «ቲቸር» የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነው። «አያ» የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለው፤ ኦርቶዶክስ ነው፤ ከእኛ ጋር የምንገናኘው በቡናው ነው እንጂ በጸሎት ቤቱ አይደለም። ጾም ሲሆን ሲስተር የእርሱን ምግብ ሳትረሳ ለብቻ ታዘጋጅለታለች። «ጋሼ» ደግሞ በግብርና ባለሙያነት ሜዳውን ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው ያካለሉ፣ ጡረታ የወጡ የቤተ ክርስቲያናችን አባት ናቸው። ትርፍ ቃል አይወዱም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቃና በአማርኛ የሚያቀርበው የቱርክ ተከታታይ ድራማ ነበር። ሲስተር ልቧ ተሰቅሎ ስትከታተል መብራት ድርግም አለ። «እግዜር ይስጠው መብራት ኃይልን!» አለ ኢንጂነር። «ዝም ብሎ የተካበደ ድራማ ነው።»

«የተካበደ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጋሼ ጠየቁ።

«ዝናው ከሥራው የበለጠ ማለት ነው፣ ጋሼ። ሁሉም ያደነቀው፣ ግን ሲታይ ባዶ የሆነ።»

ጋሼ ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲህ ያለው ሰውም አለ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሙግቱም ተጀመረ። «ከአየሃቸው ሁሉ አንድ ፊልም ብቻ ያዝ ብትባል የቱን ትይዛለህ? የተካበደውስ የቱ ነው?» ተባባልን። ሲስተር እሳቱን እያራገበች ሁለት ሕግ አወጣች። አንደኛው፣ እስከ መጨረሻው ያላየኸውን ፊልም የተካበደ ማለት አትችልም። ሁለተኛው፣ የወደድከውንም የጠላኸውንም የት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ዓመትህ እንዳየኸው ትናገራለህ። የመጀመሪያው ሕግ ተገቢ መሰለን። ሁለተኛውን የሴት ወይዘሮ ጨዋታ አድርገን ቆጠርነው። ኋላ ግን ነገሩን ሁሉ ያመጣው ሁለተኛው ነው።

ቲቸር ቀደመ። የእርሱ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «የእሳት ሠረገላዎች» የተባለው የእንግሊዞች ፊልም ነው። ኤሪክ ሊድል የተባለው ስኮትላንዳዊ ሯጭ በ1924 የፓሪስ ኦሎምፒክ የመቶ ሜትር ማጣሪያው እሑድ ስለዋለ አልሮጥም ብሎ፣ በአራት መቶ ሜትር ወርቅ ያገኘበትን ታሪክ የሚተርክ ነው። ቲቸር ያየው ኮሌጅ እያለ ከመንፈሳዊ ኅብረቱ ልጆች ጋር ነው። ኢንጂነር፣ «ሩጫው ሁሉ በቀስታ ነው! ኃይሌን ያየ አገር ለዚህ አያጨበጭብም» አለ። ይህን ማንም አልተከራከረውም። የተካበደው የቱ ነው ሲባል ሦስቱ በአንድ ድምፅ «ታይታኒክ!» አሉ። አሥራ አንድ ኦስካር ያገኘ ፊልም በወረታ ቡና ላይ በአንድ ደቂቃ ወደቀ። ሲስተር ብቻ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እኔ አልቅሼበታለሁ» አለች። ከማን ጋር እንዳየችው ግን አልተናገረችም፤ የራሷን ሕግ የሻረች እርሷ የመጀመሪያዋ ናት።

የአያ ተራ ደረሰ። አያ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ልብሱ ላይ ሁልጊዜ የሩዝ እብቅ የማይጠፋ ሰው ነው። «ማዘር ኢንዲያ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ፊልሙን ያላየ ወጣት አንባቢ ይኖር ይሆናል። መህቡብ ካን እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው፣ ለኦስካር የታጨ የሕንድ ፊልም ነው። ናርጊስ የተባለችው ተዋናይት ራዳ የምትባል የገበሬ ሚስት ሆና ትጫወታለች። ቤተሰቡ ከአራጣ አበዳሪው ከሱኪላላ ዕዳ ይገባል። ባሏ ሁለት እጆቹን አጥቶ በሃፍረት ጥሏት ይጠፋል። ጎርፍ መጥቶ የደረሰውን አዝመራ ይወስዳል፤ ልጇም ይሞትባታል። በሬ ስታጣ ቀንበሩን በራሷ ትከሻ ትጎትታለች። በመጨረሻም ሽፍታ ሆኖ የመንደሩን ልጅ ሊጠልፍ የመጣውን የገዛ ልጇን በጥይት ትመታዋለች። ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም ነው፤ ዘፈኑም ብዙ ነው።

«የት አየኸው?» አለችው ሲስተር።

አያ ያየው እዚሁ ወረታ፣ በ1980ዎቹ፣ ልጅ ሳለ፣ በአንድ ቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤትን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ጭቃ ቤት፣ በመስኮቱ ላይ ጆንያ የተሰቀለበት፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። ካሴቱ ከብዙ መታየት የተነሣ ምስሉ እንደ ዝናብ ይጭረጨራል። ራምቦና ኮማንዶ፣ ብሩስ ሊና ቫን ዳም፣ አሚታብ ባችቻን የነገሡት እዚያ ነው። ሕንድኛ የሚችል የሚመስለው አንድ ልጅ ከፊት ቆሞ ይተረጉማል፤ ያላወቀውን ከራሱ ይጨምራል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር በታሪክ ይነገራል። ከሰማንያ ዓመት በኋላ በእኛም ጸሎት ቤት ቪዲዮ ቤት ሲገባ የተገኘ ወጣት ተግሣጹ ቀላል አልነበረም። (እኔ ሁለት ጊዜ ተይዣለሁ። አንደኛውን በሐሰት ነው፤ ወንድሜን ልጠራ ገብቼ ነበር። ዛሬም የሚያምነኝ የለም።)

«አባቴ በዕድሜው ያየው ፊልም እሱ ብቻ ነው» አለ አያ። አባቱ ናቤጋ በኩል የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ገበያ ቀን እህል ሸጠው ሲመለሱ ልጃቸውን ፍለጋ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ብቅ ይላሉ። የሚቀጡበትን አርጩሜ ይዘዋል። በሩ ላይ እንደቆሙ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል፤ ልክ ውሃው አዝመራውን ሲውጠው። እንደቆሙ ቀሩ። ከዚያ ያ ሁሉ ሕፃን የተሰበሰበበትን ቤት በሚያናጋ ድምፅ፣ «እህሉን! ኧረ እህሉን አውጡ!» ብለው ጮኹ።

አያ ይህን ሲናገር በፈገግታ ነው። ኢንጂነር ግን ከት ብሎ ሳቀ። «ፊልም መሆኑን አያውቁም ነበር?» አለ። ቀጥሎም ሙግቱ ሙግት ነው ብሎ፣ ማዘር ኢንዲያ የተካበደ እንደሆነ፣ ለቅሶው እንደበዛ፣ ዘፈኑ ቢወጣ አንድ ሰዓት እንደማይሞላ አስረዳ። ልጁ ክፋት የለበትም። በክርክር መካከል የሰው ፊት የማያይ ሰው ነው።

አያ ስኒውን አስቀመጠ። «አባቴ በዚያ ዓመት እህሉን ውሃ ወስዶበት ነበር» አለ፤ ለማንም እንዳልተናገረ ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብድር ለመክፈል በሬውን ሸጦ ነው ወደ ገበያ የወጣ።» ተነሣ፣ ጃንጥላውን ያዘ፣ በረካውን ሳይጠጣ ወጣ።

ሁለተኛው ቅዳሜ

በሁለተኛው ቅዳሜ አያ አልመጣም። ሲስተር ስልክ ደወለች፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ። ክረምት ላይ የሩዝ ወፍጮ ምን ሥራ ይበዛበታል? ኢንጂነር ስልኩን እየነካካ ዝም አለ። ሙግቱ ቀጠለ እንጂ እንደ መጀመሪያው አልሞቀም።

ሲስተር «ድፍረት» አለች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ በዓል የተመልካች ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። በጠለፋ የተወሰደች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ፣ ጠበቃዋ እንዴት እንደቆመችላት ይተርካል። ታሪኩ በአርሲ በኩል በእውነት የተፈጸመ ነው፤ ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች ናቸው። በፊልሙ የእርሳቸውን ቦታ ይዛ የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ናት።

ቲቸር «የተካበደ!» አለ ወዲያው። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ አንጀሊና ጆሊ ስሟን ባታውሰው ኖሮ ማን ያውቀው ነበር አለ። ቀጥሎም የታሪክ መምህርነቱ ተነሣበትና፣ በፊልሙ ያለችው ልጅ ስም ሒሩት መሆኑን፣ በ1957 ዓ.ም. የታየው የመጀመሪያው የአገራችን ረጅም ፊልምም «ሒሩት አባቷ ማነው?» መባሉን፣ በሁለቱ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያልፍ የፊልሞቻችን ሒሩቶች መከራቸው አለመቃለሉን ነገረን። ከርዕሱ ቢወጣም ደስ ያለን ትምህርት ነበር።

ሲስተር የመለሰችለት ስለ ካሜራ አይደለም። «ጤና ጣቢያ የምቀበላቸውን አታያቸውም፤ ወገባቸው ሳይጠና ተድረው ምጥ ይዟቸው የሚመጡትን። እኔ ፊልሙን ያየሁት የሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ በስልክ፣ ብቻዬን ነው። ተዋናይቷን አላየሁም፤ ያየሁት እነሱን ነው» አለች። ቲቸርም በዚህ ብቻ አልተረታም፤ መልካም ጉዳይ መያዝና መልካም ፊልም መሆን አንድ አይደለም ብሎ ጸና። እኔ በዚህ ከእርሱ ጋር ነኝ፤ የተነሣበት ጉዳይ ስለከበደ ብቻ ፊልምን ማመስገን፣ ርዕሱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ስብከትን እንደማመስገን ነው።

ጋሼ ግን ከሁለታችንም ሌላ ነገር አነሡ። «ያች ልጅ ራሷ ምን አለች?» አሉ። የሆነውን ነገርናቸው። ታሪኩ የደረሰባት ሴት ያለ ፈቃዴ ሕይወቴ ተሠራበት ብላ ወደ ፍርድ ቤት ሄዳ፣ ፊልሙ በ2014 አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው አዳራሽ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ለሕዝብ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባለቤቱ ሳይጠየቅ የተነገረ ታሪክ» አሉ። ሲስተር ለዚህ የምትመልሰው አጣች። ፊልሙን መውደዷን ግን አልተወችም፤ እንዲያውም ሁለቱንም አንድ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

ከዚያ ወደ ራሳችን ዘንድ መጣን። በአማኝ ቤት ፊልም ሲነሣ «የክርስቶስ ሕማማት»ን ማን ያልፈዋል? ሜል ጊብሰን በ2004 ሲያወጣው፣ በአራማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን የተነገረ ሆኖ ሳለ፣ ቋንቋውን ያልሰማው ሁሉ አለቀሰበት። ቲቸር አብያተ ክርስቲያናት በየአዳራሹ ሲያሳዩት አይቶታል። ሲስተር ዓይኗን ጨፍና ነው ያየችው፤ «በሥራዬ የማየው ደም ይበቃኛል» አለች። ጋሼ፣ «የተካበደ» አሉ፤ ቃሉን ከተማሩ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው። «ግርፋቱ ሁለት ሰዓት፣ ትንሣኤው አንድ አፍታ። እንዲህ ተመዝኖ ይሰፈራል?»

የእርሳቸው ፊልም በ1979 የተሠራው፣ ከሉቃስ ወንጌል የተወሰደው፣ ከሁለት ሺህ በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የተተረጎመው የኢየሱስ ፊልም ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሕር ዳር፣ ሜዳ ላይ፣ በተዘረጋ ነጭ አንሶላ ላይ አዩት። ነፋስ ስለነበር የጌታ ፊት ከአንሶላው ጋር ይርገበገብ ነበር። ከአጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ተዋናዩ አፉን ሲከፍት፣ «ውይ! አማርኛ ያውቃል!» ብለው አነቡ።

ኢንጂነር በዚህ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንደ ፊልም ግን ደረቅ ነው። ተዋናዩ እንግሊዛዊ ነው፤ አማርኛው የተለጠፈበት ነው።»

«ልክ ነህ፣ ደረቅ ነው» አሉ ጋሼ። «እኔ ስለ አንሶላው ነው የነገርኩህ።»

ዋሻና ደንገል

የእኔን ምርጫ እስከ አሁን አልተናገርኩም። «ጤዛ» ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ይህ ፊልም በቬኒስ በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ በዓል ታላቁን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ አግኝቷል። ታሪኩ የጣና አካባቢ ታሪክ ነው። አንበርብር የተባለ በጀርመን የተማረ ሐኪም አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተቆራርጦ፣ በደርግ መጨረሻ ዘመን ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ይህን ሁሉ በሦስተኛው ቅዳሜ ዘርዝሬ አቀረብኩ። ሽልማቶቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ፊልሙ ለመጠናቀቅ ከአሥር ዓመት በላይ እንደፈጀ፣ ዳይሬክተሩ በ1946 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎንደር እንደተወለደ፣ አባቱ ገሪማ ታፈረም ስለ ጎንደር አርበኞች የጻፉ ደራሲ እንደነበሩ አከልኩበት።

ቲቸር ደገፈኝ። ኃይሌ ገሪማ በልጅነቱ ጎንደር ላይ የአሜሪካ ፊልም አይቶ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር በተራሮቹ ላይ ካውቦይና ሕንድ እየተባባሉ ይጫወቱ እንደነበር፣ ሁልጊዜም ራሳቸውን ከካውቦዮቹ ወገን ያደርጉ እንደነበር በቃለ መጠይቅ መናገሩን አነሣ። «አሸናፊውን ስትወድ ተሸናፊው አንተ መሆንህን አታውቅም» አለ ቲቸር። ይህ ሰው አንዳንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

ኢንጂነር ሕጉን አክብሮ ፊልሙን በሳምንቱ እስከ መጨረሻው አይቶት ነበር። «ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ጀርመን፣ መንደር፣ ሕልም። ዳኞቹ ያልገባቸውን ነው የሸለሙት» አለ። እኔ መልስ ስጀምር ጋሼ፣ «አለ እዚህ?» ብለው ጠየቁ። ኢንጂነር ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ለጋሼ ወንበር ወደፊት ሳብንላቸው።

ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመንደሩ ወጣቶች ለጦርነት ከሚያፍሷቸው ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ያ ቦታ ሲደርስ ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አላደረጉትም። ትንሽ ቆይተው ተነሡና ወደ በረንዳው ወጡ። እኛ ሽንት ቤት የሄዱ መስሎን ፊልሙን አቆምን። ሲቆዩ ሲስተር ተከተለቻቸው፤ እኛም ተከተልናት።

«ፎገራ ሜዳ ነው» አሉ ጋሼ ዝናቡን እያዩ። «ዋሻ ከየት ይመጣል? ደንገል ውስጥ ነበር።»

ደንገል በጣና ዳርቻ የሚበቅለው፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅም ተክል መሆኑን የአካባቢው አንባቢ ያውቃል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን ጦርነቱ ሲበረታ ወጣቱ ከገበያም ከቤቱም ይታፈስ ነበር። የጋሼ ታናሽ ወንድም ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሦስት ሌሊት ውሃ ውስጥ ደንገል ይዞ ቆመ። እንጀራ የሚያደርሱለት በታንኳ ነበር። በአራተኛው ቀን ወባ ያዘውና ወደ ቤት ተመለሰ፤ ከቤት ወሰዱት። ጋሼ ያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ማንን ሄደው እንደለመኑ፣ ምን እንደተባሉ ነገሩን፤ ያን ለእርሳቸው ልተው። ወንድማቸው አልተመለሰም። ሞቷል የሚል ወረቀትም አልመጣም።

ለስንት ዓመት የማውቃቸው ሰው ናቸው። በአንድ ማዕድ ቆርሰናል፤ በለቅሶም በሠርግም አብረን ነበርን። ወንድም እንደነበራቸው አላውቅም ነበር።

«ፊልሙ ላይ ለእናትየዋ ልጇ መጣላት» አሉ ቆየት ብለው። «አካሉ ቢጎድልም መጣላት። የእኛ እናት እስክትሞት ድረስ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር የምትቀመጥ። ሰው ሁሉ ልጁን የሚጠብቅ ደጅ ደጁን ያያል ይላል። እሷ ግን ሰው ሲገባ እሱ አለመሆኑን ማየት ስለማትፈልግ ነው። ይሄን ኃይሌ ገሪማም አላገኘው።»

ማንም አልተናገረም። ኢንጂነር ነው በመጨረሻ የጠየቀው፤ እንደ ተከራካሪ ሳይሆን እንደ ልጅ። «ታዲያ ጋሼ፣ የተካበደ ነው ወይስ አይደለም?»

«እስከ መጨረሻው አላየሁትም» አሉ። «ሕጉ አይፈቅድልኝም።» ፈገግ አሉና ወደ ቤት ገቡ። ፊልሙን እንድንቀጥለው አልጠየቁም፤ እኛም አልቀጠልነው።

በዚያ ምሽት ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሁለተኛውን ሕግ ጥያቄ ራሴን ጠየቅሁ። ጤዛን የት አየሁት? አዲስ አበባ፣ በሲኒማ አዳራሽ፣ ሽልማቱን ጋዜጣ ላይ ካነበብኩ በኋላ። ከማን ጋር? ከሁለት የሥራ ባልደረቦች ጋር፤ ስንወጣ ማን ይበልጥ እንደገባው ስንፎካከር። እውነቱን ልናገር፤ መካከሉ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር። ዋሻው ያለበትን ቦታ ሲስተር ቤት ሳየው እንደ አዲስ ነው ያየሁት። ማለትም ለሦስት ሳምንት የተከራከርኩለትን ፊልም ሕጉ እንደሚለው አላየሁትም። ኢንጂነር የተካበደ ሲል የሰደበው ፊልሙን ሳይሆን እኔን ቢሆን ኖሮ ልክ በሆነ። ይህንን ለወዳጆቼ የነገርኳቸው በዓመቱ ነው፤ ቲቸር እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

ወፍጮ ቤት

በአራተኛው ቅዳሜ ሲስተር ቤት ስደርስ ቡናው ገና አልተቆላም። «ኢንጂነርስ?» ስላት፣ «ጠዋት ስልኩን እስከ ጥግ ሞልቶ ወጣ» አለችኝ። ወዴት እንደሄደ ስላልነገረኝ፣ ቲቸርና እኔ ሲጋራ የሚባል ነገር ከማያውቅ ልጅ ላይ ክፉ ሳናስብ፣ አያን ይዘነው ለመምጣት ወደ ወፍጮው ሄድን።

ወፍጮ ቤቱ በራፉ ክፍት ነው። መብራት ስለሌለ መፈልፈያው ቆሟል፤ የእብቅ ትቢያ በሩ ላይ በወደቀው ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። አያ በሩዝ ኩንታል ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ኢንጂነር ሌላ ኩንታል ላይ። ስልኩ ፊት ለፊታቸው በሚዛኑ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ድምፁ ቀጭን ነው፤ በሕንድኛ ይዘፈናል። ኢንጂነር እንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበበ ለአያ ይተረጉማል፤ አያ ደግሞ ያ የቪዲዮ ቤቱ ልጅ በ1980ዎቹ የተረጎመለትን እየነገረ ያርመዋል። የሁለቱ ትርጉም ፈጽሞ አይገናኝም።

በሩ ላይ ቆምን። አላዩንም።

ውሃው መጣ። አዝመራው ሰጠመ፣ ጎጆው ፈረሰ፣ ሰዎቹ በጭለማ ይጯጯኻሉ። አያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደፊት ዘንበል አለ። ኢንጂነር ከስልኩ ይልቅ እርሱን ያያል።

ጎርፉ ሲያልፍ ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ፣ ባትሪው ሠላሳ ፐርሰንት ነው የቀረ። ይሄን ዘፈን እንለፈው?»

«አይታለፍም» አለ አያ።